ለጌጥ ያመጣሁልዎ ቅጠል

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እናቴስ እንደምን አለች፣ ወገቧ ተሻላት ወይስ አሁንም ጎንበስ ባለች ቁጥር ግድግዳ ትደገፋለች? እህትዎ እቴቴስ፣ የስፌት መኪናዋ እሺ ብሎ ይሰፋል ወይስ እንደ ልማዱ ክር እየበጠሰ ያበግናታል? ሱቁስ፣ የሚሽከረከረው ወንበርስ፣ ቢያጠብቁት ቢያጠብቁት ማንጠባጠብ የማይተወው ቧንቧስ? ፀጉር ሊቆረጡ ሳይሆን ወሬ ሊቃርሙ የሚመጡት ደንበኞችዎስ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሰውነቴ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። አንጀቴ ግን ከእሑድ ጀምሮ አርሯል። ትንሽ ሳለሁ ለአጎቴ ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ፣ ሰላምታ ያልቀደመው ደብዳቤ በር ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው እያሉ ስላስለመዱኝ ሰላምታውን አስቀደምኩ እንጂ፣ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለመቆጣት ነው። ልጅ በአባቱ ላይ መቆጣት እንደማይገባው አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ከዚያ እቆጣለሁ።

ከመቀጠሌ በፊት ይህን ለሚያነበው ለወንድሜ አንድ ነገር ልበል። ቅመም፣ ሰማኸኝ? ቤት ውስጥ ይህን ስም ያወጣንልህ የሰው ወሬ በአፍህ ሲያልፍ ሳታጣፍጠው ስለማታሳልፍ ነው። ስንስቅበት ኖረናል። አባባ ፊደል ስላልቆጠሩ ደብዳቤዎቼን ሁሉ ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛው ተቀምጦ እየሰማ፣ የምታነብላቸው አንተ ነህ። ዛሬ ግን እቴቴ አጠገብህ ተቀምጣ ጣቷን በየመስመሩ ታስኬዳለች። አንድ ቃል ብትጨምር ወይም አንድ ቃል ብትዘል ክንድህን ትቆነጥጥሃለች፤ በስልክ ተስማምተናል። ስለ አንተ የምጽፈውንም ቢሆን ድምፅህን ዝቅ ሳታደርግ አንብበው።

አባቴ፣ ዛሬ ቅዳሜ ሳይሆን ሱቁ ለምን እንደሞላ ገርሞዎት ይሆናል። ሰዎቹን የጠራቻቸው እቴቴ ናት፤ እንድትጠራቸው ያደረግኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እቴቴ ደወለችልኝ። ሌላ ጊዜ ስትደውል ስለ ክር ዋጋ ሳታማርር ሰላም እንኳ የማትለኝ ሴት፣ ያን ቀን ክርም ሰላምም አላነሣችም። በቀጥታ የወንድሜ የእግር ጣት ጠቁሯል አለችኝ። ሱቁ ውስጥ ምስማር ረግጠው ስኳርዎ እግርዎን ስላደነዘዘው ሳይታወቅዎት፣ ቆመው ሰው ሲላጩ መዋልዎን፣ ጫማዎን ሲያወልቁ እናቴ ካልሲውን በደም ርሶ አይታ መጮኋን ነገረችኝ። ይህ ከሆነ ሳምንታት አልፈዋል። እስካሁን ቁስሉ ላይ ያደረጉበት ነገር ቢኖር ያ ካለሁበት አገር ለዕረፍት ስመጣ ያመጣሁልዎ ቅጠል ብቻ ነው። ያ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነው፣ ብዙ ብርሃንም ብዙ ውሃም ስለማይጠይቅ ለመስታወቱ ጥግ ይሆናል ብዬ የመረጥኩት ቅጠል። በምላጭ ሰንጥቀው፣ ውሃውን ቁስሉ ላይ ጨምቀው፣ የተረፈውን በጨርቅ አስረው፣ ከላይ ካልሲ፣ ከካልሲው ላይ ጫማ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ይህን ስትነግረኝ የሰው ቢሮ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፤ ባልዲዬን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከእሑድ ወዲህ እኔ ስደውልልዎማ ሌላ ሰው ነዎት። እግርዎ እንዴት ነው ስልዎ መስመሩ ይቆራረጣል ይሉኛል። ስለ ዝናቡ ሳወራዎት ግን መስመሩ ኩልል ይላል። እንዲህ ያለ ስልክ የት እንደሚሸጥ ቢነግሩኝ እኔም አለቃዬ ሲደውልልኝ የማነሣበት እገዛ ነበር።

አሁን ነገሩ ከየት እንደተነሣ ልንገርዎ፤ ሱቁ ውስጥ ያላችሁም ስሙልኝ። የምሠራበት ድርጅት ለቢሮዎችና ለባንኮች፣ ለጥርስ ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍሎችም፣ በማሰሮ የተተከለ ተክል ያከራያል። የእኔ ሥራ በየሕንፃው እየዞርኩ የቅጠሎቹን አቧራ በእርጥብ ስፖንጅ መጥረግ፣ ውሃ ማጠጣት፣ የጠወለገውን ባለቤቶቹ ሳያዩ በደህናው መለወጥ ነው። ሰው ማሰሮው ውስጥ ማስቲካ ይጥላል፣ የሻይ አተላ ይደፋል፣ እኔ እለቅማለሁ። ግማሾቹ ተክሉ ፕላስቲክ ይመስላቸዋል። ግማሾቹ ደግሞ እኔም ፕላስቲክ ሳልመስላቸው አልቀርም፤ አጠገባቸው ቆሜ ሰላም የሚለኝ የለም።

ከደንበኞቻችን አንዱ ስለ መድኃኒት ምርምር የሚያደርግ ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መልሳ መነጽሬን አያችሁ ወይ እያለች የምትፈልግ አንዲት ተመራማሪ አለች፤ እሷ ብቻ ታናግረኛለች። አንድ ቀን ያንኑ ቅጠል ስጠርግ አይታ የነገረችኝን ባለፈው ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ። የጻፍኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ሰዎች በብዙ ቦታ ይህን ቅጠል ለቁስልና ለጆሮ ሕመም ይጠቀሙበታል፤ ጭማቂው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳህን ላይ ያለ ጀርም እንዳይራባ ሲያደርግ ታይቷል፤ ሰው ያድን እንደሆነ ግን ገና በቅጡ አልተረጋገጠም፤ ቢዋጥ ደግሞ ያስታውካል፣ ምላስና ጉሮሮም ያሳብጣል ብዬ ነበር የጻፍኩት። ደስ ያለኝ ቀን ነበር፤ አቧራ ስጠርግለት የኖርኩት ነገር ውስጡ ምን ይኖር ይሆን ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩበት ቀን ስለሆነ ጻፍኩላችሁ።

ቅመም ያነበበው ግን ይህን አይደለም። እቴቴ እንደነገረችኝ ያነበበው፣ ልጅዎ መድኃኒት የሚቀመምበት ቤት ተቀጥሮ ለቁስል ፍቱን የሆነ ቅጠል አግኝቷል፤ ያም ቅጠል እነሆ መስታወታችን ጥግ የቆመው ነው ብሎ ነው። ደንበኛው አጨበጨበ አሉ። እርስዎም ያን ቀን የሁሉንም ጢም በነፃ ላጩ።

ቅመም፣ እቴቴ ለምን እንዲህ አደረግህ ስትልህ አባባ ደስ እንዲላቸው ነው ብለህ መልሰህላታል። ደስ አላቸው፤ አየህ ደስታቸውን? አሁን ደስታቸው ጠቁሮ ካልሲ ውስጥ ተቀምጧል። ገና አልተረጋገጠም የምትለውን ቃል ስትዘላት የዘለልከው የአባትህን እግር ነው። የቀረውን ሁሉ አጣፍጥ፤ ደመወዜን እጥፍ አድርገው፣ ቁመቴን ጨምርበት፣ ሚስት ዳርልኝ፣ ግድ የለኝም። እሷን ቃል ብቻ መተው አቃተህ። ማሰሮው ላይ ድርጅታችን የለጠፈው ለጌጥ ብቻ፣ አይበላም የሚል ወረቀት ነበረበት፤ እሱንም ውበቱን ያበላሻል ብለህ በጥፍርህ ፋቅኸው። እጅህን ይዤ መምታት የምችልበት ቦታ ባለመሆኔ አመስግን። እቴቴ፣ እዚህ ላይ ድምፁን ቀንሶ ከሆነ እንደገና ያንብበው።

ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችንም ነገሩን እንዳባባሰው ሰማሁ። ክንዱን ምድጃ ለብልቦት ቅጠሉን ቀባበትና ዳነ። እንኳን ዳነ፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፣ ክንድህን ምድጃ የለበለበህ ስንት ጊዜ ነው? ያኔ ሁሉ ምን ቀብተህ ዳንክ? ጤነኛ ሰው ስለሆንክ፣ ቁስልህም ቀላል ስለነበር ዳንክ። ቅጠሉ ረድቶህ ሊሆን ይችላል፣ ላይረዳህም ይችላል፤ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ያንተ ክንድ ዳነ ተብሎ ነው ስኳር ያለበት ሽማግሌ እግሩን በቅጠል አስሮ የተቀመጠው። ከማሰሮው ሥር ገንጥላችሁ ቤታችሁ የተከላችሁትም፣ ከገበያ የገዛችሁትም ስሙ፤ ለሽያጭ የሚወጣ ተክል ላይ የተባይ መርዝ ይረጫል፣ እንዲያብለጨልጭም ሌላ ነገር ይቀባበታል። እዚህ የሚረጨውም የሚቀባውም እኔ ነኝ። ስረጭ አፍንጫዬን እሸፍናለሁ፤ እናንተ ጆሯችሁ ውስጥ ትጨምቁታላችሁ።

እርስዎ ደግሞ አባቴ። በእርስዎ ላይ ያለኝ ቁጣ ከሁሉም ይበልጣል። ሕይወትዎን ሙሉ የሰው ጢም ሲላጩ ምላጩን ሳይቀይሩ፣ ማበጠሪያውን አልኮል ውስጥ ሳይነክሩ ሰው ነክተው አያውቁም። ትንሽ ቢቆርጡ እንኳ ደንበኛውን አስቀምጠው፣ ጠርገው፣ ደሙ እስኪቆም ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ የሚያሳክክ ቁስል ጭንቅላቱ ላይ ያዩበትን ሰው ሳይቆርጡ ሐኪም ጋ ሄደህ ና ብለው እንደመለሱት አስታውሳለሁ። ተቆጥቶ ሄደ፤ በኋላ ታክሞ መጥቶ አመሰገነዎት። ለሰው ጭንቅላት ሐኪም፣ ለራስዎ እግር ቅጠል? ለባዕድ ጢም አልኮል፣ ለራስዎ ጣት መሬት ላይ ፀጉር የጠረጉበት ጨርቅ? ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ሰኞ ጠዋት ተራዬ ሳይሆን ቤተ ሙከራው ሄድኩ። ተመራማሪዋን ደጅ ላይ ጠብቄ ነገሩን ነገርኳት። ጣቱ ምን ይመስላል፣ ይሸታል ወይ፣ ሲነካ ይሰማቸዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እቴቴ እንዳለችኝ ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ መርፌ ቢወጋቸውም አይሰማቸውም አልኳት። ያን ጊዜ ቁጣዋ እኔ ላይ ወረደ። እኔ የነገርኩህ ስለ ሳህን ነው አለችኝ። ሳህን ላይ ያለ ጀርም ሳሙናም ይገድለዋል፤ ሳህን ደም ሥር የለውም፣ ስኳር የለበትም፣ ውስጥ ለውስጥ አይበሰብስም። ቅጠሉ ውስጥ እንደ ሳሙና አረፋ የሚሠራ ነገር አለ፣ ጀርሙን የሚያስቸግረው ምናልባት እሱ ይሆናል፤ ግን የቆሰለ ሥጋንም ያስቆጣል አለችኝ። አንድ ቀን ተጣርቶ፣ ተመዝኖ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ መድኃኒት ይወጣው ይሆናል፤ አይወጣውምም ይሆናል። ያን ቀን ለማየት እኔ ዕድሜዬን እየጨረስኩ ነው፣ የአባትህ እግር ግን ያን ቀን አይጠብቅም አለችኝ። ከዚያ ተረጋግታ የሚያስፈልገውን ነገረችኝ። ሐኪም ቁስሉን ከፍቶ ማጽዳት አለበት፣ ስኳርዎ መለካት አለበት፣ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ምናልባት ጣቷን ያጧት ይሆናል። ከዘገዩ ግን እግሩን፣ ከዚያም በላይ ከዘገዩ እርስዎን እናጣለን። ይህን ሳለሳልስ የጻፍኩት እንዲሰሙት ነው።

ይህን ሁሉ ለእቴቴ ደውዬ ነግሬ ወደ ሐኪም ቤት ይዘሻቸው ሂጂ አልኳት። ማታ መልሳ ደወለችልኝ። እያለቀሰች ነበር። ለምናዎት፣ እናቴም ለምናዎት፣ እምቢ ብለዋል። ለምን እምቢ እንዳሉም ነገረችኝ። ልጄ አግኝቶ ያመጣውን ቅጠል ጥዬ ሐኪም ቤት ብሄድ፣ ይህ ሁሉ ሰው ልጁ ውሸታም ነው አይልም ወይ ብለዋል። እግሬ ይሻለኛል ብለው አላሉም። አልተሻለኝም፣ አውቀዋለሁ፣ ልጄን ግን በሰው አፍ አላስገባውም ነው ያሉት።

አባቴ፣ እስከዚያ ድረስ የተቆጣሁት ባለማወቅዎ ነበር። እርስዎ ግን እያወቁ ነው። ቅጠሉ እንደማይሠራ እያወቁ በየማለዳው ሰንጥቀው ያስሩታል፤ ደንበኛው ሲጠይቅዎት እየተሻለኝ ነው ይላሉ፤ ሳያነክሱ ለመሄድ ጥርስዎን ነክሰው ከወንበር ወንበር ይዘዋወራሉ። ለእኔ ብለው። ማን ለምኖዎት? እኔ መቼ ነው ክብሬን በእግርዎ ይግዙልኝ ያልኩዎት? እንዲህ ያለ ፍቅር ያናድደኛል። ያስለቅሰኛል፣ ግን ደግሞ ያናድደኛል።

እንግዲህ ሱቁ ሞልቶ ይነበብ ያልኩት ለዚህ ነው። የተዋሸው በሰዎቹ ፊት ስለሆነ እውነቱንም እነሱው ይስሙት። ቅመም፣ ቀና ብለህ አንብበው። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። መድኃኒት ቤትም አልሠራም። ነጭ ካፖርት ለብሼ አላውቅም፤ የምለብሰው ኪሱ የተቀደደ አረንጓዴ ቱታ ነው። ምንም ቅጠል አላገኘሁም፣ ምንም መድኃኒት አላወጣሁም። ቅጠል እጠርጋለሁ። ጠዋት ወጥቼ እስከ ማታ ቅጠል እጠርጋለሁ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ፣ አላፍርበትም። ያ ተክል ለጌጥ ነው ያመጣሁት፤ አባቴ ቀኑን ሙሉ መስታወት ውስጥ የሌላ ሰው ፊት ብቻ ከሚያዩ፣ አረንጓዴ ነገርም ይዩ ብዬ ነው። ውሸታም ከተባልኩ አሁኑኑ በሉኝና ይለቅ። የሚስቅ ካለም ይሳቅ። እዚህ ሆኜ አይሰማኝም።

ተሳቀ? ጨረሳችሁ? እንግዲህ አባቴ፣ የሚጠብቁልኝ ስም የለም። በገዛ አፌ ጣልኩት። ሐኪም ቤት ቢሄዱ የሚያሳፍሩት ልጅ የለዎትም፤ ባይሄዱ ግን አባቱን በቅጠል የገደለ ልጅ ይኖርዎታል፣ እሱም እኔ ነኝ። ያን ስም ዕድሜ ልኬን ተሸክሜ መኖር አልችልም። እኔ ራሴ መጥቼ በትከሻዬ ተሸክሜ እወስድዎት ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዴ እየታደሰ ስለሆነ አሁን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳስብ ነው ያደርኩት፣ በዚህም ተቆጥቻለሁ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ተክሉን አትጣሉት። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ቆሞ ከማማር በቀር ምን አደረገ? ውሃ አታብዙበት፣ አቧራውን ጥረጉለት፣ በምላጭ ግን አትድረሱበት።

እናቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ጨርቁን ፈትተሽ ጣይው፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ሸፍኚው፣ ካልሲም ጫማም አታድርጊላቸው። አታልቅሺ አልልሽም፣ አልቅሺ፤ ግን እየሄድሽ። እቴቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ፣ እግር ስሜ አልጠግብሽም፤ ሐኪሙ ጋ አብረሻቸው ግቢና የሚለውን ሁሉ አንቺ ስሚ፣ ለቅመም አትተይለት። ዳቦ ጋጋሪው ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አልተቀየምኩህም፣ ሱቁን አንተ ዝጋልን። ሳይቆረጡ የቀሩ ካሉ ሰላም ብያለሁ፤ ዛሬ በጎፈሬያቸው ይደሩ። ቅመም፣ ወንድሜ ነህና ላንተም ሰላምታ አለኝ፤ ሌላውን ስንገናኝ እንተያያለን።

ይህን ደብዳቤ ያመጣው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ እየሄደ ሳለ ከአውሮፕላን እንደወረደ በቀጥታ እናንተ ጋ እንዲመጣ ለምኜው ነው። ቁጭ በል ብትሉት፣ ሻይ ጠጣ ብትሉት እምቢ ብሎ በሩን ይዞ የሚቆመው ንቋችሁ አይደለም። ደጅ ያለው ታክሲ ሞተሩ አልጠፋም። አባቴን ሳትይዝ እንዳትሄድ ብዬ በእናቱ ስም አስምዬዋለሁ፤ የገዛ እናቱን ገና አላያትም፣ እርስዎን እየጠበቀ ነው። ቅመም፣ ወረቀቱን ለእቴቴ ስጥና ጎንበስ በል። አባቴ፣ እጅዎን ትከሻው ላይ ያድርጉ። ይነሡ።

ተቆጥቶም የሚወድዎት ልጅዎ

ከተክል መጋዘኑ ጓሮ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን